ምናለበትና የጠበሉ ቅል

ባለፈው ሐምሌ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ደብቃ ነበር። ዶሮ መስሎኝ ዝም አልኩ። ዳገቱን ስንጀምር ያ ነገር አነጠሰ። ረዳቱ ዘወር ብሎ «ውሻ አንጭንም ብያለሁ» አላት። «ውሻ ማን አለህ? ቡችላ ነው» አለችው፤ እስከምትወርድ ድረስም ከዚህ ቃሏ ንቅንቅ አላለችም። ውጭ ይዘንባል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ የረጠበ ውሻ ሽታ መኪናውን ሞላው። ተሳፋሪው አፍንጫውን ያዘ። እኔ እንኳን አፍንጫዬን ልይዝ፣ የሴትየዋ ጎረቤት በመሆኔ ደስ ብሎኝ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ። ከዚያ ደስታው ወዲያው ጠፋ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው አንድ ክረምት በአፍንጫዬ ገባ።

ያን ክረምት ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ሊወርዱ የቀራቸው ግን ጥቂት ነው። እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ አባቴ በቅስና ከሚያገለግሉበት የሚካኤል ደብር ግርጌ ነበር። በልጉ ቀርቷል፤ ከእሱ በፊት የነበረውን መኸር በረዶ መትቶታል፤ አገሩ ጎተራውን ጠርጎ ጨርሷል። ራቡ ደግሞ ብቻውን አልመጣም፣ ተስቦን አስከትሎ መጣ። እኔን ሰኔ ላይ ያዘኝ፣ ሦስት ሳምንት ሲያቃዠኝ ሰነበተ፣ ፀጉሬን አርግፎ ተወኝ። አብረውኝ የታመሙት የጎረቤት ልጆች አልተነሡም።

በመንደሩ የታመመ ሰው ቤት ደፍሮ የሚገባ ጠፋ። የሥጋ ዘመድ እንኳ ደጅ ቆሞ «እንዴት አደራችሁ» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ይሄዳል። ተስቦ አንዴ ይዞ የለቀቀውን ሰው አይደግመውም ስለሚባል አባቴ እኔን መረጡኝ። በየማለዳው ከደብሩ ጠበል ቀድተው፣ ጸሎት ደግመውበት፣ በቅል ሞልተው ይሰጡኛል። እኔ በየታመመው ሰው ቤት አዞረዋለሁ። ልጅ አይደለሁ፣ ተስቦን የተረዳሁት እንደ ሰው ነው፤ ቤት ለቤት የሚዞር፣ መልክ የሚያስታውስ፣ «ይችንስ አውቃታለሁ» ብሎ የሚያልፈኝ ሰው። ስለዚህ በር ላይ ስደርስ ሻሼን አውልቄ መላጣ ራሴን እያሳየሁ ነበር የምገባው፤ እንዳይሳሳት ብዬ።

ብቻዬን አልሄድም ነበር። ምናለበት የሚባል ከድመት ብዙም የማይበልጥ ቡላ ውሻ ነበረን። አባቴ ካንድ ምእመን ቤት በጉያቸው ይዘውት የመጡ ዕለት እናቴ «በዚህ ኑሮ ላይ የሚበላ አፍ ይጨምሩብኛል?» ብላ ብትቆጣ፣ እሳቸው «ምን አለበት» ብለው አስቀመጡት፤ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ። እግሩ አጭር ነው። ወንዝ ሲደርስ ቆሞ ያየኛል፣ አዝለዋለሁ። ቅሉ በትከሻዬ ተንጠልጥሎ፣ ውሻው ጀርባዬ ላይ ሆኖ እሻገራለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎች ለመሳቅ አቅም ካላቸው ይስቁ ነበር።

አባቴ በዚህ ነገር የፈቀዱልኝ በግድ ነው። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባም፤ ጠበል ከሚቀዳበትም አይደርስም። ምናለበት ይህን አንድ ጊዜ በተወረወረበት ድንጋይ ተምሮ ከቅጽሩ ውጭ ወይራው ሥር ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ስሚ የሺ» አሉኝ አባቴ የመጀመሪያው ቀን፤ «ይህ ውሻ ጠበሉን የነካው ዕለት ጠበሉም ይደፋል፣ እሱም ከቤቴ ይወጣል።» እሽ አልኩ። ከቤት የወጣ ውሻ በዚያ ክረምት የት እንደሚያድር አውቃለሁ፤ ጅቡ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር የሚወርደው።

የገባሁባቸውን ቤቶች ሁሉ አላስታውስም። አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሌላ ጊዜ በሩ ድረስ የሚከተለኝ ምናለበት ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ብጠራው እምቢ አለ። ገብቼ ሴትየዋን «እትዬ፣ ጠበል መጥቷል» አልኳት። ዝም። ቀና አድርጌ ላጠጣት ሞከርኩ፤ አፏ አልከፈት አለኝ። እንቅልፍ የጣላት መስሎኝ፣ እንዳልቀሰቅሳት ተጠንቅቄ ፊቷን ረጨት ረጨት አድርጌ ወጣሁ። ማታ ለአባቴ «ተኝታ ነበር» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ዱላቸውን አነሡና ወጡ። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሄዱ የገባኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ከአባቴ ጋር መካነ ሰላም ወረድኩ። እህል የጫነ መኪና ይመጣል ተብሎ የየደብሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ምናለበትን አህያችን ላይ በባዶው ስልቻ ውስጥ፣ አንገቱን ብቻ አስወጥቼ ይዤው ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ከቆላ በመጡ ሰዎች ተሞልቷል። ጋደም ብለዋል። ገበያ ያደከማቸው ነበር የመሰለኝ። አንዱ ሽማግሌ ጥምጣሙን እያስተካከለ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ይህን ውሻ ምን ታበይዋለሽ?»

«ከቂጣዬ እቆርስለታለሁ» አልኩት ኮራ ብዬ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ማሻአላህ» አለና ውሻውን ትክ ብሎ አየው። ለምናለበት ያዘነለት ደግ ሰው መሰለኝ። አባቴ ነገሩን ሰምተው ኖሮ ተመልሰው መጡ፤ ለመንገድ የያዝነውን ቂጣ ከአገልግሉ አውጥተው ሙሉውን ለሽማግሌው ሰጡት። «ከእጅዎ አይለይ፣ አባ» አላቸው። መኪናው ያን ቀን አልመጣም። ጽሕፈት ቤት ደጅ የቆሙት ሰዎች ስለ እህሉ ትተው፣ አዲስ አበባ ወታደሩ መኳንንቱን እየለቀመ ያስራል እያሉ ይንሾካሸኩ ነበር። እንዲህ ያለው ትልቅ ወሬ ለአባቴ ሲነገራቸው የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። እስከ ቤታችን ድረስ አላነጋገሩኝም። ቂጣው ያስቆጫቸው መስሎኝ እኔም አኮረፍኩ።

ፍልሰታ ሲገባ እቴቴ ዘርፌ ታመመች። ፍልሰታ ያን ዓመት ጹሙ የሚል ዐዋጅ የሚያስፈልገው ጾም አልነበረም። እቴቴ ዘርፌ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከገደሉ ማዶ ለብቻዋ ትኖራለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ወረኢሉ ወጥቶ ወሬው ጠፍቷል። ልጅ የላትም፣ ያላትን ፍቅር እኔ ላይ ነበር የምትጨርሰው። ፀጉር የሚባል ነገር ራሴ ላይ በነበረበት ጊዜ የምትሠራኝ እሷ ናት፤ ስትሠራኝ ሰው ታማልኛለች፣ ታስቀኛለች፣ ባለቅስ ደግሞ በማበጠሪያው ትኮረኩመኛለች። እናቴን እወዳለሁ፤ እቴቴ ዘርፌን ግን መርጬ ነው የወደድኳት።

አባቴ መጀመሪያ ለብቻቸው ሄደው አይተዋት ተመለሱ። ከዚያ ቅሉን ሰጡኝና «ሰባት ቀን ጠበሉን ትጠጣ» አሉ፤ ዓይኔን ሳያዩ። ሌላውን ቤት ሁሉ ትቼ እሷ ዘንድ ብቻ መመላለስ ጀመርኩ። መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ነው።

«መነኩሲቷ መጣች» ትለኛለች መላጣዬን እያየች። ድምፅዋ ቢደክምም ነገሯ ያው ነው። «ቆብሽን የት ጥለሽ መጣሽ?»

ስገባ ዓይኗ መጀመሪያ ወደ እጄ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ጀርባዬ፣ ከዚያ ወደ በሩ። ውሻውን የምትፈልግ መስሎኝ «ደጅ ነው፣ አላስገባሁትም» እላታለሁ። ትስቃለች። ጠበሉን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠብታ ትጠጣዋለች። አንድ ቀን «ቤት ምን በላችሁ?» አለችኝ።

«ቂጣ።»

«እናትሽ ጋገረች?»

«ቂጣዋ ትንሽ ናት። ለእኔና ለወንድሜ ነው፤ እነሱ አልበሉም።»

«አብሽሪ» አለችኝ እጄን ይዛ፤ «እኔም አይርበኝም።» ትኩሳት ራብን የሚያስረሳ መድኃኒት ነገር መሰለኝ። እንዲያውም እጇ ቀዝቃዛ መሆኑን አላስተዋልኩም፤ ማስተዋሉንስ አስተውያለሁ፣ ትርጉሙ ነው ያልገባኝ።

አምስተኛው ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር። ወንዙ ዳር ደርሼ ምናለበትን ላዝለው ጎንበስ ስል፣ እሱ ለምዶታልና ሳልዘጋጅለት ዘሎ ጀርባዬ ላይ ወጣ። ተንሸራተትኩ። ቅሉ ከትከሻዬ ወርዶ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተጋደመ፣ ውታፉ ወለቀ፣ ጠበሉ ፈሰሰ። ከጭቃው እስክነሣ ምናለበት አፉን ቅሉ ውስጥ አስገብቶ የቀረውን ይልስ ነበር። ያን ጊዜ የማይልሰው ነገር አልነበረም፤ ድንጋይም ቢሆን ይልሳል።

ቆሜ አየሁት። ብመለስ ሁለት ሰዓት ዳገት ነው፤ ጉልበቴም አይችለውም። ጉልበቱ ቢገኝ እንኳ ለአባቴ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ከነገርኳቸው ምናለበት ከቤት ይወጣል። ቅሉን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ከዚያ ከወንዙ፣ ውሃው ጠራ ካለበት ሞላሁት። የማውቀው ጸሎት አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ስለሆነ እሱን አልኩበት። ግማሹ ላይ ተሳሳትኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እቴቴ ዘርፌ እንደ ልማዷ እስከ ጠብታው ጠጣችና «የዛሬውስ እንዴት ይጥማል» አለችኝ።

በማግስቱ ጠበሉን ይዤ ልወጣ ስል ከማዶ አንድ ሰው በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ተጣራ። እኛ አገር መርዶ እግር ከሚያደክም በድምፅ ይሻገራል። «መምሬ፣ ኧረ መምሬ፣ ዘርፌ አርፋለች፣ ሰው ይዘው ይምጡ» አለ። አባቴ ቅሉን ከእጄ ወስደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ለቀብሯ የመጡት ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ እነሱም እየተፈራረቁ ነበር የተሸከሟት፤ አስከሬኗ ከብዶ ሳይሆን ጉልበት አጥተው። ማንም አላለቀሰም። እናቴ እንኳ ደረቷን አልመታችም። ሰው ለማልቀስም ምግብ እንደሚያስፈልገው ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ዝምታቸው ሁሉ ወደ እኔ መሰለኝ። ምን እንዳጠጣኋት ያወቁ፣ ራሴ እስክናገር የሚጠብቁ መሰለኝ። ገዳይ ነኝ አልኩ በሆዴ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ይህን ቃል በዐሥር ዓመት ተሸክሞ መዞር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው።

ያን ለብቻዬ መሸከም አልቻልኩም። ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ የጥፋቱን ትልቁን ድርሻ ለምናለበት ሰጠሁት። እሱ ባይዘል አይደፋም ነበር፤ እሱ ባይልሰው የቀረው ይበቃት ነበር። አብሬው መሄድ አቆምኩ። ሲከተለኝ ዘወር ብዬ አባርረዋለሁ፤ ቆሞ ያየኛል፣ ወንዝ ዳር የሚያየኝን አስተያየት።

በዚያው ሳምንት የጭቃ ሹሙ ትእዛዝ መጣ። በየመንገዱ የወደቁት እንግዶች በችኮላ የተቀበሩ ናቸው፤ ጉድጓዳቸው ጥልቀት የለውም፤ ውሾች እየተሰበሰቡ መቆፈር ጀምረዋል። ስለዚህ በአጥቢያው ያለ ውሻ ሁሉ ይገደል ተባለ። በወሩ ንጉሡም ወረዱ፣ የጭቃ ሹሙንም ትእዛዝ የሚሰማው ሰው ጠፋ። ትእዛዙ አንድ ወር ቢዘገይ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ።

ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው ቤታችን ሲመጡ አባቴ አልነበሩም። ያቺ የሚበላ አፍ ይጨምሩብኛል ብላ የተቆጣች እናቴ ሰዎቹን ከሩቅ ስታይ ምናለበትን አንሥታ ባዶው ጎተራ ውስጥ ከተተችው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ላዩ ላይ ወንፊት አስቀመጠች።

«ውሻችሁስ?» አሉ።

«ከጠፋ ሰነበተ። ጅብ ሳይበላው አይቀርም» አለች እናቴ፣ ረጋ ብላ።

አንደኛው ሰውዬ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «እሽ፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ለመሄድ ዘወር አለ። ደፉን ሊያልፉ ነበር።

«ምናለበት» አልኩ።

ጮክ ብዬ አይደለም። ወንዝ ስንሻገር በምጠራው ድምፅ ነው የጠራሁት። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ጠርቼው ስለማላውቅ፣ ጎተራው ውስጥ ሆኖ በደስታ እያለቀሰ ይቧጥጥ ጀመር። ሰዎቹ ተመለሱ። ክዳኑን ሲያነሡት ጅራቱን እየቆላ በእነሱ መሐል ወደ እኔ አየ። «ይህማ ሬሳ አይቆፍርም፣ ይህ ምን አቅም አለው» አለ አንዱ። ሁለተኛው «ታዘናል እንግዲህ» አለ፤ እሱም ደስ ብሎት አልነበረም። ከቤቱ ጓሮ ወሰዱት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው።

እናቴ አልመታችኝም፣ አልተሳደበችም። ጎተራውን መልሳ ከደነችና ወንፊቱን ከወደቀበት አነሣች። ከዚያ በኋላ እስከ መስቀል ድረስ በስሜ አልጠራችኝም።

አባቴ በሠርክ ሲመጡ ነገሩን ከእናቴ ሰሙ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ለምን?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም አፈረጥኩት፦ ጭቃውን፣ ቅሉን፣ ወንዙን፣ የተሳሳትኩትን ጸሎት ሳይቀር። «እቴቴ ዘርፌን የገደልናት እኔና እሱ ነን» አልኳቸው። «እሱ ሞተ፤ እኔስ ምን ልሁን አባ?»

የሚቆጡ መስሎኝ ራሴን በእጄ ሸፈንኩ።

«ዘርፌን ተስቦው ለቋት ነበር» አሉኝ። «መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ትኩሳቷ በርዶ አገኘኋት። የሚያስፈልጋት አጥሚት ነበር።»

እናቴ ምድጃው ዳር ሆና «ይተዉ እንጂ መምሬ፣ ልጅ ናት» አለች።

«ልጅ ናትማ። ለልጅ ብዬ አይደለም እንዴ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ለአንቺና ለወንድምሽ ከጓዳ የቀበርኩት ጥቂት ገብስ አለ። ከዚያ ላይ ዘግኜ ብልክላት መስከረምን አታዩም ብዬ ፈራሁ። ባዶ እጄንም መሆን አፈርኩ። ስለዚህ ጠበል ላክሁላት። እሷም ገብቷታል። ገብቷት ነው የጠጣችው።»

እጄን የምታየው፣ ከዚያ ጀርባዬን፣ ከዚያ በሩን የምታየው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ውሻ ስትፈልግ አልነበረም። ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ጠብታው ስትጠጣ ፊት ለፊቷ የቆምኩት እኔ፣ ጠዋት የበላሁት ቂጣ ገና ከጥርሴ አልለቀቀም ነበር።

«ምናለበትስ?» አልኳቸው።

«ተነሺ፣ ዐሥራ ሁለት ስገጂ» አሉኝ።

«ለየትኛው ነው?»

«ለዋሸሽው።»

ቀሚሴን ሰብስቤ መስገድ ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እሳቸውም ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ከጎኔ ወለሉ ላይ ወደቁ፣ ተነሡ፣ ወደቁ። የኔ ዐሥራ ሁለት አልቆ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና የሳቸውን መቁጠር ያዝኩ። እናቴ «መምሬ፣ ይበቃል፣ አቅም የለዎትም» ብትል አልሰሟትም። ያን ጊዜ መቁጠር የምችለው እስከ ሃምሳ ነበር። ሃምሳ ሞላ። አባቴ ገና ይሰግዱ ነበር።